ከወንዝ ማዶ የቀሩ መጻሕፍት

የይታየውን አስከሬን ያገኙት ጎርፍ ያመጣውን ግንድ ለማገዶ ሊጎትቱ የወረዱ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ እሱም ግንድ መሰላቸው። የነጠላው ጫፍ ከቁጥቋጦ ጋር ተጠላልፎ ውሃው ሲያወዛውዘው ባዩ ጊዜ ግን የያዙትን ገመድ ጥለው ወደ ወገዳ ከተማ ሽቅብ ሮጡ።

ኢንስፔክተር ወርቅነሽ ጭቃውን እየረገመች ቁልቁል ወረደች። ከደብረ ታቦር የመጣችው የበሬ ስርቆት ልትመረምር ነበር። ሥራዋን ጨርሳ ሻንጣዋን በዘጋችበት ቀን ጎርፍ ድልድዩን ወሰደውና እንደ ሌላው ሰው ሁሉ ታጥራ ቀረች። ስልክም ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሠራም። የወረዳው ፖሊስ አዛዥ ለስብሰባ እንደወጣ ከማዶ ቀርቷል። ስለዚህ ሬሳው የእሷ ሆነ።

ቁጢጥ ብላ ብዙ አየችው። ጫማው ከእግሩ ነው፤ ክሩም በደንብ ታስሯል። ሱሪው አልተጠቀለለም። ነጠላውን ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ ሰው ደረቱ ላይ አመሳቅሎ አጣፍቶታል።

«በትሩስ?» ብላ ጠየቀች።

«የምን በትር?» አለ ከግንድ ጎታቾቹ አንዱ።

«ውሃ የሚለካበት ነዋ።»

«አላየንም።»

ወርቅነሽ ድሮም ብዙ የምታወራ ሴት አይደለችም፤ ስትራብ ደግሞ ጭራሽ አፏን አትከፍትም። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነው፣ እሷም አጥብቃ ትጾማለች። እንግዲህ የሚዋሽ ሰው ይወቅበት።

ሟቹን ወገዳ ውስጥ የማያውቀው አልነበረም። ይታየው የታሪክ መምህር ነው፤ የጻፈው ልቦለድ ግን ስለ አሜሪካ ካውቦዮች ነው። እሱ ራሱ ከባሕር ዳር አልፎ አያውቅም። ልጅ ሳለ መካነ ኢየሱስ በሚገኝ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ ያያቸው ፈረሰኞች ከራሱ አልወጣ አሉትና፣ ካደገ በኋላ የዚያን አገርና የዚያን ዘመን ታሪክ ከስልኩ ላይ እየለቃቀመ ዓመታት ጻፈ። አንደኛው አሳታሚ «ለምን ስለ አገርህ አትጽፍም?» አለው። ሌላው ሳያነበው መለሰለት። ይታየው ለሁሉም የሚመልሰው «ስለ አገሬ እኮ ነው የጻፍኩት» እያለ ነበር፤ ሰሚው ይስቃል።

በመጨረሻ አንድ ደግ ሰው ተገኘ። የአማርኛ መምህሩ ቀለመ ወርቅ ረቂቁን አረመለት፣ ባሕር ዳር ድረስ ይዞለት ሄደ፣ ከማተሚያ ቤቱ ጋርም ራሱ ተዋዋለለት። ምረቃው ጾሙ በሚፈታበት ቀን ሊሆን ተወስኖ ከተማው ሁሉ ተጠራ። መጻሕፍቱን የጫነው አይሱዙ ግን ከድልድዩ እኩል ደረሰ፤ ድልድዩ ሄደ፣ አይሱዙው ማዶ ቀረ። ሸራ ለብሶ ዝናብ ሲመታው ከከተማው አፋፍ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ደራሲው በየጠዋቱ እየወጣ ያየው ነበር።

ነገሩን ያበላሸው ጠቡ ነው። ይታየው፣ ቀለመ ወርቅና ወጣቱ የእንግሊዝኛ መምህር ዳግም የሚኖሩት በወይዘሮ ዓለሚቱ ፔንሲዮን ነው፤ ኢንስፔክተሯም እዚያው ነው ያረፈችው። ይታየው ከመሞቱ በፊት በነበረው ምሽት እራት ላይ ዳግም በመጽሐፉ ይቀልድ ጀመር።

«ያ አገር እኮ በረሃ ነው» አለ ዳግም። «አንተ በየምዕራፉ ጎርፍ ታመጣበታለህ። የትኛው ቴክሳስ ነው እንደዚህ የሚዘንበው?»

«አንተ ሄደህበታል?»

«አንብቤያለሁ።»

«እኔ ደግሞ ኖሬበታለሁ» አለ ይታየው፣ ደረቱን በጣቱ እየመታ።

ከዚያ ቃል ቃልን ወለደ፤ ዳግም ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና ያቺን ክፉ ንግግር ተናገረ። «ውሃ ይውሰድህ! አንተንም መጽሐፍህንም!» ሰው ሁሉ ሰማ። ውሃውም ወሰደው።

ሬሳው በተቀበረበት ቀን የይታየው ታላቅ ወንድም ቻላቸው ጠመንጃውን ይዞ መጣና ከዳግም ክፍል በር ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ገበሬ ነው፤ አልጮኸም፣ አልፎከረም። «ወንድሜን ረግሞ ገደለው። ሲወጣ አገኘዋለሁ» ብቻ አለ። የፔንሲዮኑ ጓሮ ገደል ነው። ከተማውም መውጫ የለውም። ዳግም ውስጥ ተቀምጦ የወንድምየውን ሳል ይሰማ ነበር።

በቀብሩ ላይ ፍትሐት ያደረሱት አባ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ የሟቹም የንስሐ አባት። መጥተው ቻላቸውን ይዘው ለመኑ። «እስከ ሰልስቱ ድረስ ደም አታፍስስ። ማልልኝ።» ማለላቸው። ከሰልስቱ በኋላ ግን ማንም እንዳይለምነው ጨምሮ ተናገረ።

ወርቅነሽ በሩን ስትከፍት ዳግም አልጋው ጠርዝ ላይ ኩርምት ብሏል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አላት።

«በምን?»

«በአፌ። ብወጣና ቢገድለኝ ይሻለኛል።»

«አፍ አይገድልም። ቢገድል ኖሮ ወይዘሮ ዓለሚቱ ይህን ከተማ ጨርሰውት ነበር። ያን ቀን የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ተኝቼ። ይቅርታ ልጠይቀው አፍሬ ተደብቄ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ማን ያየኛል?»

ይህ ጥሩ መልስ አልነበረም። እሷም ታውቃለች።

የይታየው እጮኛ እሌኒ የጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አስከሬኑን ያጠበችው እሷ ነች፤ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለቻት ወርቅነሽ።

«እውነት ነው። ሠርጋችንን ለዚህ መጽሐፍ ሲል ስንቴ እንዳስተላለፈው! አንዳንዴ አቃጥለዋለሁ እያልኩ እዝትበት ነበር።»

«ያን ቀንስ?»

«ምጥ የያዛት ሴት ይዤ ነበር የዋልኩት፣ የወለደችውም ሲመሽ ነው። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አልሳምኩም።»

«ዋና ይችል ነበር?»

«የት ያውቃል? ወንዝ ሲያይ ፊቱ ይለወጣል። ልጅ ሆኖ ሊወስደው ነበር አሉ። ለመጽሐፍ ብሎ ገባ መባሉ ነው ያበገነኝ፤ እኔን ለማግባት አንዲት ጅረት ያልዘለለ ሰው!» አለችና አለቀሰች።

መምህር ቀለመ ወርቅ በሰውነቱ ሞላ ያለ፣ ንግግሩ የተመጠነ ሰው ነው። ለኢንስፔክተሯ ወንበር ጠርጎ ሰጣት። አልጋው ላይ ሻንጣው ታስሮ ተቀምጧል።

«ጉዞ አለብዎት እንዴ?»

«ዝውውሬ ደርሶልኛል። ድልድዩ ባይሰበር ይህን ጊዜ ደብረ ታቦር ነበርኩ።»

«የጓደኛዎ ምረቃ ሳይደርስ?»

«እ... ለምረቃው ተመልሼ እመጣ ነበር፣ ለማለት ነው።»

«ይታየውን መጨረሻ የት አዩት?»

«ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ነዋ። እኔ ያን ቀን ከቅዳሴው መግቢያ እስከ መውጫው በወንዶቹ በኩል ቆሜ ነበር። ደጁ ላይ ተገናኘን። ማዶ ያለውን አይሱዙ አየና እንትፍ ብሎ ምራቁን ተፋ፤ ንዴቱ። ‹ዛሬ ተሻግሬ አመጣቸዋለሁ› አለኝ። ተው ብዬ ለመንኩት። አልሰማኝም። እኔ ወደ ክፍሌ ገብቼ ተኛሁ።»

«ምራቁን ተፋ?»

«ምን ያድርግ፣ ተቃጥሎ ነው።»

ወርቅነሽ አመስግናው ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቻላቸው ቀና ብሎ አያት።

«ሰልስቱ ነገ ነው» አላት።

«አውቃለሁ።»

ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አባ ገብረ ሕይወት ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ ዝናብ እያዩ ተቀምጠው አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባ፣ ይታየው ያን ቀን ቅዳሴ ነበር?»

«ነበር።»

«ቀብሩ ላይ አንገትዎን ደፍተው ነበር። ሰው ሲያለቅስ እርስዎ ያፍሩ ነበር እኮ። ምንድን ነው?»

አባ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መለሱ። እሷ ግን አልተነሣችም።

«ምስጢረ ንስሐ ከሆነ አልጠይቅዎትም። የንስሐ ካልሆነ ግን ነገ አንድ ልጅ ይገደላል።»

«ንስሐ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «በአደባባይ የሆነ ነው። ልጁ ቆረበ።»

«ይታየው? በዚያ ቀን?»

«ስለት ነበረበት። መጽሐፌ ታትሞ ባየሁ ጊዜ እቆርባለሁ ብሎ ተስሎ። መኪናዋ ማዶ ስትደርስ ‹አባ፣ ታትሟል፤ ሸራውን አየሁት፣ ይበቃኛል› አለኝ። አቆረብኩት።»

«ሰው እንዴት አላወራውም ታዲያ?»

«በዚያ ዝናብ ማን መጣ? ዲያቆናቱ ከዚህ ግቢ አይወጡም። ሱባዔ የያዙት መነኮሳይያት ደግሞ ጾሙ እስኪፈታ ለሰው አይናገሩም። እኔ መቅደስ ውስጥ ነኝ፤ ከውጭ ማን እንደቆመ አላይም። እንደሱ ያለ ጎልማሳ ሲቆርብ ያየ የከተማ ሰው ቢኖር ግን ወሬው እስከ መካነ ኢየሱስ በደረሰ ነበር።»

«እርስዎስ ለምን ደበቁ?»

«ሥጋውንና ደሙን ተቀብሎ ወንዝ ገባ ብዬ ልናገር? የቆረበ ሰው እንኳን ወንዝ ሊሻገር እግሩን አይታጠብም። መጽሐፉ አሳበደው ብዬ ዋጥኩት። ሞቶ ሳለ ስሙን ላጥፋው? የፈታሁትም እየፈራሁ ነው።»

ወርቅነሽ ብድግ አለች። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈካ አለ። አባ ግን ያዩት ዝናቡን ነበር።

በማግስቱ ውሃው ጥቂት ጎደል ብሎ ነበር። ወርቅነሽ ከወንዙ ዳር ሰዎች በዋናው የታወቀውን አስማረ የሚባል ጎልማሳ ወገቡን በገመድ አሳሰረችና ላከችው። ልብሱን አውልቆ ጭንቅላቱ ላይ ጠመጠመ፣ ረጅም በትሩን እያስቀደመ ገባ፣ ማዶ ወጣ። ሲመለስ አንገቱ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለች ነገር አንጠልጥሎ ነበር። ተቀብላው ከጋቢዋ ሥር አደረገችና ሁሉም ፔንሲዮኑ አዳራሽ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ሰልስቱ ወጥቶ ሰው ተቀመጠ። እሌኒ ጥቁር ለብሳለች። አባ ገብረ ሕይወት ከፊት፣ ቻላቸው ከበሩ አጠገብ፣ ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ። ዳግም ኢንስፔክተሯ ከጎኗ ስታስቀምጠው ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ቀለመ ወርቅ ወይዘሮ ዓለሚቱን ሲያጽናና ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ወርቅነሽ። «እዚህ አገር ክረምት ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይራቆታል» አለ ቻላቸው፣ ሳይወድ። «ልብሱን ራሱ ላይ ያስራል። በትር ይይዛል።»

«ወንድምህ ጫማውን አስሮ፣ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ባዶ እጁን ነበር። ስለዚህ ሊሻገር አልገባም።»

«ተንሸራቶ ይሆናላ» አለ ቀለመ ወርቅ በሐዘኔታ። «ጭቃው መች ያስቆማል።»

«ይሆናል። ተንሸራቶ ቢሆን ግን የሚዋሽልኝ ሰው ባላገኘሁ። አባ፣ ይንገሩልኝ።»

አባ ገብረ ሕይወት ተነሡ። «ልጄ በሞተበት ቀን ቆርቦ ነበር» አሉ። እሌኒ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አዳራሹ በሹክሹክታ ተሞላ፤ ወርቅነሽ እስኪበርድ ጠበቀች።

«ሰማችሁ። አሁን የቆረበ ሰው ከደጀ ሰላም ሲወጣ አስቡት። ምራቁን ይተፋል?»

«ክርስቲያን ሆኖ?» አሉ ወይዘሮ ዓለሚቱ።

«ዛሬውኑ ወንዝ እሻገራለሁ ይላል?»

ወርቅነሽ ወደ ቀለመ ወርቅ ዞረች።

«መምህር ቀለመ ወርቅ ግን ምራቁን ተፍቶ እሻገራለሁ ሲል ሰማሁት አሉኝ። ቅዳሴው እስኪያልቅም በወንዶቹ በኩል ቆሜ ነበር አሉ። የዚያን ቀን ቅዳሴ የቆመ ሰው፣ ይታየው ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ሲቆርብ ፊት ለፊት ያየዋል። ያየ ሰው ደግሞ፣ መዋሸት እንኳ ቢያስፈልገው፣ ይህን ውሸት አይመርጥም። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን አልነበሩም። የት ነበሩ?»

«ራቅ ብዬ ቆሜ... ዝናቡ...» አለ ቀለመ ወርቅ። ላቡን ጠረገ። «እኔ ይታየውን ምን ብዬ እጎዳለሁ? ረቂቁን ያረምኩለት እኔ፣ ያሳተምኩለት እኔ!»

«እሱን ነው እኔም የጠየቅኩት» አለች ወርቅነሽ። «ይህን ያህል የደከመ ሰው ምረቃው ሳይደርስ ለምን ሻንጣ ያስራል?» ላስቲኩን ፈትታ መጽሐፉን ለዳግም ሰጠችው። «አንተ አንብብልን። ሽፋኑን።»

ዳግም ገለበጠው። በሽፋኑ ላይ አንድ ፈረሰኛ በጎርፍ ዳር ቆሟል። ስሙን አየና ሽፋኑን ወደ ብርሃን አስጠጋው።

«ደራሲ፣ ቀለመ ወርቅ...»

የአባቱን ስም አልጨረሰውም። ቻላቸው ከበርጩማው ተነሣ፤ የጠመንጃው አፈሙዝ ከዳግም ወደ ቀለመ ወርቅ ዞረ። ሰው ወደየግድግዳው ተለጠፈ። ወርቅነሽ መንገድ ላይ ልትቆም ስትነሣ አባ ቀደሟት፤ አፈሙዙን በእጃቸው ያዙት። ሽማግሌው ያለቅሱ ነበር።

«ልጄ ቆርቦ ወንዝ አልገባም» አሉት። «ገብተሃል ብዬ አማሁት፤ አልገባም ነበር። ወንድምህ ንጹሕ ሆኖ ነው የሄደው፣ ቻላቸው። ዛሬ ደም አታስነካብኝ።»

ቻላቸው ዓይኑን ከቀለመ ወርቅ ወደ አባ እጅ መለሰ። ከዚያ ጠመንጃውን ለቀቀላቸው። አባ ከበዳቸውና ተንገዳገዱ፤ እሌኒ ደገፈቻቸው።

ቀለመ ወርቅ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

«ማተሚያ ቤቶቹን ወደ ደብረ ታቦር ላኩልኝ ብያቸው ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «‹ደራሲው ወገዳ አይደል የሚኖረው› ብለው በራሳቸው ወደዚህ ላኩት። ከዚያ ድልድዩ ሄደ። ወንዙ ቢጎድል መኪናዋ ትመጣለች፤ ባይጎድል እኔ አልወጣም። በዚያም በዚህም ታጥሬ ነበር። ያን ቀን ወንዝ ዳር የዋልኩት ተሻግሮ ካርቶኖቹን ውሃ ውስጥ የሚጥልልኝ ዋናተኛ ፍለጋ ነው። የሚደፍር አጣሁ። ሲመሻሽ እሱ ከኋላዬ መጣ።»

«ምን አለህ?» አለች እሌኒ።

«ደስ ብሎት ነበር። ‹እዚያ ሸራ ሥር ስሜ አለ እኮ› አለኝ። አልቻልኩም፤ ነገርኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው አልጮኸብኝም እንኳ። ‹ለሰው ሁሉ እናገራለሁ› ብቻ ብሎ ወደ ውሃው ዞረ። ያኔ ገፋሁት።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ አስተማርኩ። አንዲት የራሴ ገጽ የለችኝም። እሱ ደግሞ ከዚህች ጉድጓድ ሳይወጣ ያን ሁሉ አገር ጻፈው።»

ጾሙ ሲፈታ ውሃውም ጎደለ፤ አይሱዙው በሰውና በበሬ እየተጎተተ ተሻገረ። ወርቅነሽ ቀለመ ወርቅን ይዛ በዚያው መንገድ ወጣች። ካርቶኖቹን ሁሉ በኤግዚቢትነት መያዝ ነበረባት። አንዲት መጽሐፍ አነሣችና «ለፍርድ ቤት ይህቺ ትበቃለች» ብላ የቀረውን ለእሌኒ ተወችላት።

ምረቃው ሊደረግ በታሰበበት አዳራሽ ዳግም ወረቀት እየቆራረጠ «ይታየው» ብሎ ይጽፋል፤ በሌባው ስም ላይ ይለጥፋል። እሌኒ ጽሑፉ እስኪደርቅ ትይዛለች። የገብስ ዱቄት በጥብጦ ሙጫውን የሚሠራው ቻላቸው ነው። ጠመንጃውን ይዞት አልመጣም። ዳግምንም ሲገባ አላየውም፤ ሙጫውን ብቻ ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። እንደዚያ ሆነው ብዙ ሠሩ።

«ምን ይላል?» አለ ቻላቸው ድንገት።

ዳግም የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና አነበበ። «ወንዙ እስኪጎድል ድረስ ከዚያች ከተማ የሚወጣም፣ ወደዚያች ከተማ የሚገባም አልነበረም።»

«ድገመው።»

ደገመለት።

«ይሄ የት አገር ነው?»

«ቴክሳስ።»

«ኧረ ይሄማ የኛ ወንዝ ነው» አለ ቻላቸው።

ዳግም ሊመልስ አፉን ከፈተ። እሌኒ ቀና ብላ አየችው። መልሱን ተወውና ሌላ መጽሐፍ ሳበ፤ ሙጫውን ቀባ፣ የጓደኛውን ስም ለጠፈ፣ እንዳይነሣም በመዳፉ ጫን አድርጎ ያዘው።